በኢንተርኔት ስለሚነገረው ቋንቋና ስለሚገባው ጥንቃቄ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ሰው ወደማያውቀው አገር ለመሄድ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ ሁለት ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛው የአገሩ ቋንቋ ነው፤ ሁለተኛውም በመንገዱ ላይ ወንበዴ የሚያደባበት ስፍራ ነው። እነዚህም ሁለቱ ነገሮች የሚለያዩ አይደሉም። ቋንቋውን የማያውቅ መንገደኛ፥ መንገድ የሚያሳየውን ሰውና ወደ ገደል የሚመራውን ሰው ለይቶ ሊያውቅ አይችልምና።

ኢንተርኔት የሚባለውም ነገር እንደዚህ ያለ አገር ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን በመዠመሪያው ጊዜ የጥቂት መሥሪያ ቤቶችና የጥቂት ሰዎች መሣሪያ ነበረ። ዛሬ ግን ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ፥ በጉልት የምትቸረችረው ሴት፥ ደብተሩን ይዞ የሚሄደውም ተማሪ በእጁ በያዘው ስልክ ወደዚህ አገር ይገባል። ተራራና ባሕር ሳይከለክለው በዱባይ ወይም በቤሩት ካለች እኅቱ ጋራ ፊት ለፊት እየተያየ ይነጋገራል። ደግሞም በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቴሌብር የተባለው የገንዘብ መላኪያ ከተዠመረ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ በመቀነት መቋጠሩ እየቀረ በስልክ የሚቀመጥ ሆነ። ይህ ሁሉ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ጥቅሙ በገባበት በር ሌባውም ገባ። የዛሬው ሌባ እጁን ወደ ሰው ኪስ መስደድ አያስፈልገውም፤ ባለቤቱን በቃል አታልሎ ሣጥኑን በገዛ እጁ እንዲከፍትለት ያደርገዋል።

ስለዚህ ይህ ንግግር ሦስት ክፍል አለው። መዠመሪያው በኢንተርኔት ስለሚነገረው ቋንቋ፥ ሁለተኛው ስለ አታላዮች ዘዴ፥ ሦስተኛውም የተታለለ ሰው በመጣ ጊዜ መምህሩና ሽማግሌው ሊያደርጉት ስለሚገባው ነገር ነው።

1ኛ፤ ስለ ቋንቋው

ብዙ ሽማግሌዎች የልጆቻቸውን መልእክት ባዩ ጊዜ «ይህ ምን ዐይነት ጽሕፈት ነው? አማርኛው ጠፋ» እያሉ ያዝናሉ። ኀዘናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳሩ ግን ቃልን ማሳጠር አዲስ ነገር አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። በብራና ላይ የሚጽፉ ሊቃውንት እየተመላለሰ የሚመጣውን አዝማች ሁልጊዜ ሙሉውን አይጽፉትም፤ በመዠመሪያዎቹ ፊደሎች ብቻ ያመለክቱታል። ወይዘሮን «ወ/ሮ»፥ ትምህርት ቤትን «ት/ቤት»፥ ገብረ ማርያምን «ገ/ማርያም» ብሎ ያልጻፈ ጸሐፊም የለም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ዛሬ ወጣቶች ሁሉ የሚጽፉት «ኦ ኤም ጂ» የሚለው አጭር ቃል፥ ትርጓሜውም «አምላኬ ሆይ» ማለት የሆነው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ሎርድ ፊሸር የተባለው የባሕር ኀይል አድሚራል ለዊንስተን ቸርችል በላከው ደብዳቤ ተጽፎ ይገኛል። ያን ቃል የጻፈው በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሽማግሌ ነበረ።

የማሳጠሩም ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም። በስልክ የሚላከው አጭር መልእክት ልክ አለው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት 160 ፊደላትን ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ እንደ ሌላ መልእክት ተቈጥሮ ሌላ ዋጋ ይከፈልበታል። ይልቁንም በመዠመሪያው ጊዜ ብዙዎቹ ስልኮች የግዕዝ ፊደል አልነበራቸውም። ስለዚህ ወጣቶች አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍን ለመዱ፤ «ነው» የሚለውን ቃል እንኳ ኤን እና ደብልዩ በሚባሉት ሁለት ፊደላት ብቻ ይጽፉታል። ዛሬ ስልኮቹ የግዕዝ ፊደል ቢኖራቸውም ልማዱ አልቀረም።

በዚህ ልማድ ውስጥ ያለውን ጕዳት መምህራን ለተማሮች በምሳሌ ቢያሳዩ መልካም ነው። የላቲን ፊደል «ጠ»ን ከ«ተ»፥ «ጨ»ንም ከ«ቸ» አይለይም። ከዚህ የተነሣ «ልጁ መጣ» የሚለውና «ልጁ መታ» የሚለው፥ «ጠፋ» የሚለውና «ተፋ» የሚለው አንድ ዐይነት ሆኖ ይጻፋል። የልጇን መምጣት በናፍቆት የምትጠብቅ እናት እንዲህ ያለ መልእክት ቢደርሳት፥ መጣ ወይስ ሰው መታ ብላ ትጨነቃለች። ገንዘብና ቀጠሮ፥ ሕመምና ሞት የሚነገርበት መልእክት ስለዚህ በገዛ ፊደሉ ሊጻፍ የተገባ ነው።

ከአጫጭሩ ጽሕፈት ሌላ ከውጭ ቋንቋ የመጡ ቃላት አሉ። ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። «ፖስት» ማለት ጽሑፍን ወይም ሥዕልን ሰው ሁሉ እንዲያየው ማውጣት ነው። «ሼር» ማለት ሌላው ያወጣውን ለሌሎች ማካፈል ነው። «ሊንክ» ማለት በነኩት ጊዜ ወደ ሌላ ስፍራ የሚወስድ በር ነው፤ በሩ ወዴት እንደሚያገባ ግን ከውጭ ሆኖ አይታወቅም። «ኢንቦክስ» ማለት በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚደረግ የስውር ንግግር ነው። «ስክሪንሾት» ማለት በስልኩ ገጽ ላይ የሚታየውን እንዳለ በሥዕል ማስቀረት ነው። «ፌክ አካውንት» ማለት በሐሰት ስም ወይም በሌላ ሰው ስምና ፎቶግራፍ የተከፈተ መዝገብ ነው። «ሃክ ተደረገ» ሲሉም መዝገቡን ሌላ ሰው ሰብሮ ገባበት ማለታቸው ነው። «ብሎክ ማድረግ» ደግሞ የማይፈልጉትን ሰው ደግሞ እንዳይጽፍና እንዳይደውል በሩን መዝጋት ነው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ሽማግሌዎች ይልቁን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል፤ ክፉ ሰው ባስቸገረ ጊዜ በር መዝጋት ነውር አይደለምና።

ከከተማ ወጣቶች አፍ የወጡም ቃላት አሉ። «ጀለስ» ማለት ባልንጀራ ነው፤ «ችስታ» ማለት ገንዘብ የሌለው፥ «ነፍ» ማለት ብዙ፥ «ፎንቃ» ማለት ፍቅር ነው። «ሙድ መያዝ» ማለት በሰው ላይ መሣለቅ፥ «መሸወድ» ማለትም ማታለል ነው። ብልጡን «አራዳ»፥ የዋሁን ወይም ያልሠለጠነውን «ፋራ» ይሉታል። ይህ «ፋራ» የሚለው ቃል ትንሽ ቢመስልም ብዙ ጕዳት ያመጣል፤ ስለምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ ይነገራል።

ደግሞም ቃል ሳይሆን ሥዕል ሆኖ የሚነገር አለ፤ ኢሞጂ ይባላል። ነገሩ የተዠመረው በነጥብና በሰረዝ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ስኮት ፋልማን የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር መምህር፥ ቀልድ የሆነው ቃል እንደ ቁም ነገር ተቈጥሮ ጠብ እንዳይነሣ፥ በሁለት ነጥብ፥ በሰረዝና በቅንፍ የሣቅ ፊት እንዲሠራ አሳሰበ። ኋላም ጃፓኖች ሥዕሉን ፊት አስመስለው አበጁት። ታዲያ ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል ሁለት የዕንባ ዘለላ የሚታይበት ፊት አለ። ይህ ፊት የሚያለቅስ አይደለም፤ ከሣቅ ብዛት ዕንባ የወጣው ነው። የሞት መርዶ ሰምቶ ለሐዘንተኛው ይህን ሥዕል የላከ ሽማግሌ፥ በልቡ እያለቀሰ ሳለ የሣቀ ይመስላል። ስለዚህ ትርጓሜውን ሳያውቁ ሥዕል ከመላክ፥ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ በቃል መጻፍ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የተነገረው ሽማግሌዎች እንደ ልጆች ይናገሩ ዘንድ አይደለም። ልጆቹ ሲናገሩ ይሰሙ ዘንድ ነው።

2ኛ፤ ስለ አታላዮች ዘዴ

እንግሊዞች በኢንተርኔት የሚደረገውን ማታለል «ፊሺንግ» ብለው ይጠሩታል፤ ይኸውም ዓሣ ማጥመድ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ዓሣ አጥማጅ መንጠቆውን ገልጦ አያሳይም፤ ዓሣው በሚወደው ነገር ይሸፍነዋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ወደ አንድ ሽማግሌ ደውሎ እንዲህ አለ እንበል።

«አባባ፥ እንደ ምን አደሩ? የምደውልልዎ ከቴሌ ነው። የእርስዎ ቁጥር በዕጣ ወጥቶ ሽልማት ደርሶዎታል።»

ሽማግሌውም «ተመስገን ልጄ» ይላሉ።

«እንግዲህ አባባ፥ አሁን በስልክዎ አንድ ቁጥር ይገባል፤ እሱን ያንብቡልኝ። ቶሎ ካላነበቡልኝ ሽልማቱ ለሌላ ሰው ያልፋል። ብሩ እስኪደርስዎ ድረስም ለማንም አይንገሩ።»

በዚህ በአጭሩ ንግግር ውስጥ አራት ገመዶች አሉ። አንደኛው አክብሮት ነው፤ «አባባ» ብሎ ያከበረውን ሰው መጠራጠር ለጨዋ ሰው ከባድ ነውና። ሁለተኛው ምኞት ነው። ሦስተኛው ችኮላ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ። አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ምሥጢር ነው፤ የሚመክረው ሰው እንዳያገኝ ብቻውን ያስቀረዋልና። አንዳንድ ጊዜ በምኞት ፈንታ ፍርሃት ይገባል፤ «ስልክዎ ሊዘጋ ነው፤ ገንዘብዎ ሊታገድ ነው» ይባላል። ገመዱ ግን ያው ነው።

ያም የተጠየቀው ቁጥር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። አታላዩ በራሱ ስልክ ላይ የሽማግሌውን መዝገብ ለመክፈት ሲሞክር፥ መዝገቡን የሚጠብቀው ድርጅት «ባለቤቱ አንተ ነህን?» ብሎ ለመጠየቅ ወደ እውነተኛው ባለቤት ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል። እንግዲህ ያ ቁጥር ማኅተም ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን የመኳንንት ደብዳቤ የሚታመነው በማኅተሙ ነበረ፤ ማኅተሙን አሳልፎ የሰጠ ሰው በስሙ የተጻፈውን ሁሉ «እኔ አላልሁም» ማለት አይቻለውም ነበር። የማረጋገጫ ቁጥርና የይለፍ ቃልም እንደዚሁ ናቸው። ባንክም ቢሆን፥ የስልክ መሥሪያ ቤትም ቢሆን የደንበኛውን የምሥጢር ቁጥር በስልክ ደውሎ «ንገረኝ» አይልም። የጠየቀ ሁሉ፥ አነጋገሩ ምንም ያህል ቢያምር፥ ሌባ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የሐሰት መልእክት ነው። «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ይደርሳል፤ ወዲያውም አንድ ሰው እያለቀሰ ይደውልና «በስሕተት ወደ እርስዎ ላክሁ፤ የታመመ ልጅ አለኝና ይመልሱልኝ» ይላል። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው የሌላውን ገንዘብ ማስቀረት አይወድምና ይልክለታል። ገንዘቡ ግን ከመዠመሪያውም አልገባም ነበር። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚለው ቁጥር ነው፤ የአታላዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ09 ወይም በ07 ከሚዠምር ከተራ ሰው ቁጥር ይመጣል። ሆኖም የላኪውም ስም ሊመሰል ስለሚችል፥ ምስክሩ መልእክቱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። በ*127# ገብቶ ቀሪውን ሒሳብ ያየ ሰው እውነቱን ያገኛል። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝ እንኳ በራስ እጅ ከመመለስ ወደ አገልግሎት መስጫው ሄዶ በእነርሱ በኩል ማስመለስ ይሻላል።

ሦስተኛው ዘዴ በዘመድ ስም መምጣት ነው። አታላዩ የአንዱን ሰው የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ መዝገብ ከሰበረ በኋላ፥ በዚያ ሰው ስምና ፎቶግራፍ ወደ ዘመዶቹ «ተቸግሬአለሁ፤ ብር ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። መዝገቡንም የሚሰብረው ብዙ ጊዜ «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» በሚል ሊንክ ነው፤ ሊንኩን የነካው ሰው ቁጥሩን እንዲያስገባ ይጠየቃል፤ በዚያው ይያዛል። ዛሬ ደግሞ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ማሽን ተሠርቷል፤ ስለዚህ ድምፅም ብቻውን የሚበቃ ምስክር አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ገንዘብ የጠየቀውን ዘመድ ስልኩን ዘግቶ፥ ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር እንደ ገና መደወል ነው። ወይም ቤተ ሰብ ብቻ የሚያውቀውን ነገር፥ ለምሳሌ «የቀይዋ ላም ስም ማን ነበረ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መዝገቡም እንዳይሰበር በቴሌግራም ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል ሁለተኛ ቍልፍ አለ፤ ተማሮች ለወላጆቻቸው ይህን ቍልፍ ቢያበጁላቸው ትልቅ ውለታ ነው።

አራተኛው ዘዴ የሥራ ተስፋ ነው፤ በዚህም የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። «ወደ ውጭ አገር የሚወስድ ሥራ አለ፤ ደመወዙ ብዙ፥ ትምህርት የማይጠይቅ፤ ኢንቦክስ አድርጉ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ወጣቱም ከሕዝብ ፊት ወደ ስውር ንግግር ይሳባል። በ2017 ዓ.ም. በታይላንድና በምያንማር ወሰን አጠገብ ካሉት የማጭበርበሪያ ሰፈሮች ብዙ ሺህ ሰዎች በተለቀቁ ጊዜ፥ ከመካከላቸው በርከት ያሉ ኢትዮጵያውያን ተገኝተዋል። በመልካም ሥራ ተስፋ ከተወሰዱት ሰዎች ብዙዎቹ በዘብ እየተጠበቁ በኢንተርኔት ሌላውን ሰው እንዲያታልሉ ይገደዱ ነበር። እንግዲህ በመልእክቱ ማዶ ያለው አታላይ እርሱ ራሱ የተታለለ የሌላ እናት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሁሉ ውሉ በመንግሥት የታወቀና ፈቃድ ባለው ወኪል በኩል መሆኑን ሳያረጋግጥ ፓስፖርቱንም ገንዘቡንም አይስጥ።

አምስተኛው በተማሮች ላይ፥ ይልቁንም በልጃገረዶች ላይ የሚደረገው ነው። አንድ ሰው በሐሰት ስም ወዳጅ መስሎ ይቀርባል፤ ወራት ያህል በፎንቃ ቃል ያጫውታል፤ በኋላም የዕርቃን ፎቶግራፍ እንድትልክለት ያግባባታል። ከላከች በኋላ ነገሩ ይለወጣል። «ገንዘብ ካልላክሽ ለአባትሽና ለመንደሩ ሁሉ አሳያለሁ» ይላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፥ ከስልክ የወጣ ሥዕልም አይመለስም፤ ተቀባዩ ቢያጠፋው እንኳ አስቀድሞ በስክሪንሾት አስቀርቶት ይሆናልና። ይህን ለልጆች አስቀድሞ መንገር የመምህሩ ግዴታ ነው። ለዛቻ የተከፈለ ገንዘብም ዛቻውን አያስቀረውም፤ ከፋይ እንደ ሆነች ያወቀ ሰው ተመልሶ ይጠይቃታል።

3ኛ፤ የተታለለ ሰው በመጣ ጊዜ

ሌባውን ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው የተበደለው ሰው ሐፍረት ነው። ከላይ «ፋራ» የሚለው ቃል ጕዳት ያመጣል የተባለው ስለዚህ ነው። ሽማግሌው «ፋራ ነው ይሉኛል» ብለው ያልገባቸውን ቃል ሳይጠይቁ ይቀራሉ፤ ከተታለሉም በኋላ በልጆቻቸው ፊት እንዳይዋረዱ ዝም ይላሉ። ልጅቷም «ወላጆቼ ቢሰሙ ይገድሉኛል» ብላ በልቧ ታፍናለች፤ ከትምህርትም ትቀራለች፤ አንዳንዷም ሞትን እስከ መመኘት ትደርሳለች። አታላዩም ይህን ያውቃል፤ «ለማንም አትንገሩ» የሚለውም ስለዚህ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው በመጣ ጊዜ መዠመሪያ የሚገባው ቃል «ለምን አደረግህ?» የሚል አይደለም፤ «መናገርህ መልካም ነው» የሚል ነው። ተግሣጽ ቢያስፈልግ ከእርዳታው በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ሳይውል ሳያድር የሚደረገው ይህ ነው። ገንዘብ የተወሰደ እንደ ሆነ ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር አገልግሎት ነግሮ ሒሳቡን ማሳገድ፥ የምሥጢር ቁጥሩንም መለወጥ ነው፤ በዚህ ነገር ሰዓት ዋጋ አለው። መዝገብ የተሰበረ እንደ ሆነ ለዘመድ ሁሉ በሌላ መንገድ ማስታወቅ ነው። ዛቻ የመጣ እንደ ሆነ አለመክፈል፥ መልእክቱን ግን በንዴት አለማጥፋት ነው፤ የደዋዩን ቁጥር፥ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት መጻፍ፥ ጽሑፉንም በስክሪንሾት አስቀርቶ ብሎክ ማድረግ ይገባል። ይህም ለፖሊስ ማስረጃ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር ማጭበርበርን፥ የሰውን መዝገብ ሰብሮ መግባትን፥ ማስፈራራትን፥ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚደረገውንም ነውር ሁሉ ያስቀጣልና፥ የተበደለ ሰው ሕግ ከእርሱ ጋራ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

መምህራን የሚከተለውን በሰሌዳ ጽፈው ተማሮች ወደ ቤታቸው ወስደው ለወላጆቻቸው እንዲያነቡ ቢያደርጉ መልካም ይሆናል።

1ኛ፤ በስልክህ የደረሰህን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አታንብብ።
2ኛ፤ «ቶሎ በል» ያለህን ሰው ቈይ በለው።
3ኛ፤ መልእክቱን ሳይሆን ሒሳቡን እመን።
4ኛ፤ ገንዘብ የጠየቀህን ዘመድ በምታውቀው ቁጥር ደውለህ አረጋግጥ።
5ኛ፤ «ለማንም አትንገር» ከተባልህ ወዲያው ለሰው ንገር።

ልጆች ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ሰውን ያውቃሉ። ልጁ «ሊንክ» ምን እንደ ሆነ ለአያቱ ያስተምር፤ አያቱም ጣፋጭ ቃል ሁሉ ከንጹሕ ልብ እንደማይወጣ ለልጁ ያስተምሩ። አንዱ ያለ ሌላው የሆነ እንደ ሆነ ሁለቱም ይጠመዳሉ። ከዛሬ ማታ ዠምሮ በየቤቱ ሽማግሌው ስልኩን ይዘው «ልጄ፥ ይህ ምን ይላል?» ብለው ቢጠይቁ፥ ልጁም ሳይሥቅ ቢመልስ፥ ለዚያ ቤት ከሁሉ የበለጠ ዘብ ቆመለት ማለት ነው።